ስለ አንድ ታላቅ ቁጥር

ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፥ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ የሌለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 7 እና 31 ብቸኞች ናቸው፤ 15 ግን 3 እና 5 ስለሚያካፍሉት ብቸኛ አይደለም።

ከ1 ተነሥቶ ደጋግሞ እጥፍ በማድረግ፥ በመጨረሻም 1 በመቀነስ የሚገኙ ቁጥሮች አሉ። 3 ጊዜ እጥፍ ቢያደርጉ 8 ይሆናል፤ 1 ቢቀነስ 7 ይቀራል። 5 ጊዜ ቢሆን 31 ይገኛል። 11 ጊዜ ቢሆን ግን የሚገኘው 2,047 ነው፤ ይህም 23 በ89 ተባዝቶ የሚወጣ ስለ ሆነ ብቸኛ አይደለም። እንግዲህ መልክን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

ማሪን መርሴን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1644 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በ67 እጥፍ የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ ጻፈ። ይህም ቁጥር 147,573,952,589,676,412,927 ነው። ጸሐፊው የተከበረ ሊቅ ስለ ነበረ፥ ቁጥሩም ለመመርመር እጅግ አድካሚ ስለ ሆነ፥ ከ200 ዓመት በላይ ቃሉ ሳይፈርስ ኖረ።

በ1876 ዓ.ም. ኤዱዋር ሉካስ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ፥ ቁጥሩ ብቸኛ ቢሆን ኖሮ ሊገኝ የሚገባው ውጤት እንዳልተገኘ በስሌት አስረዳ። አካፋዮቹ እነማን እንደ ሆኑ ግን አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለ አሜሪካዊ መምህር ፍለጋውን ያዘ። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ134፥ ማለት ለ67 እጥፍ፥ ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት፤ 23 እና 89ም ለ22 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 እንደ ሆነ። ነገር ግን በዚህ መንገድ ብቻ ቢሄዱ ከመጀመሪያው አካፋይ ለመድረስ ከ1,400,000 የሚበልጡ ቁጥሮችን ማለፍ ያስፈልጋል። ኮልም ሌላ ዘዴ ጨምሮ የማይሆኑትን እያስወገደ፥ በ1903 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተደረገው የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ሁለቱን አካፋዮች ገለጠ፤ እነርሱም 193,707,721 እና 761,838,257,287 ናቸው። ሥራውም የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደ ፈጀበት ተናገረ ይባላል።

አካፋዮቹን መፈለግ ብዙ ዓመት ወሰደ፤ ተገኝተው ሳለ ግን ማባዛት የሚያውቅ ትጉህ ተማሪ ሁሉ በወረቀት ላይ ሊመረምራቸው ይችላል። ስለዚህ ማንም ሰው ኮልን ስለ ስሙ እንዲያምን አይገደድም።

ስሕተቱ የመርሴንን ክብር አላጠፋም፤ እንዲህ ያሉት ቁጥሮች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ሊቅን ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን አክብሮት በምርመራ ፈንታ ሊቆም አይገባውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፥ ነገሩን የሚያጠራው ታግሦ የሚመረምር ሰው ነው።