ለቤታችን የሚስማማው የኤስፕሬሶ ማፍያ የትኛው ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ በሚገኙት በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች፣ ኤስፕሬሶና ማኪያቶ የቡና ቤት መጠጥ ሆነው ተለምደዋል። መሣሪያውን ወደ ቤት ለማስገባት የሚያስቡ ቤተ ሰቦችም አሉ። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ጎጆአቸውን ገና የሚያደራጁ ባልና ሚስት የዕቁባቸውን ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ከማዋላቸው በፊት፣ የሚገዙት ነገር ምን እንደሚሠራ ሊመረምሩ ይገባቸዋል።

ኤስፕሬሶ ማለት ሙቅ ውሀ በደቀቀ ቡና ውስጥ በኀይል ተገፍቶ ሲያልፍ የሚገኝ ጥቂትና ወፍራም ቡና ነው። ሉዊጂ ቤዜራ የተባለው የሚላኖ ሰው ለዚህ ዓይነቱ ማሽን የፈጠራ መብት የጠየቀው በ1901 እ.ኤ.አ. ነው። ለደንበኛው ኤስፕሬሶ 9 ባር ያህል ግፊትና ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይበቃዋል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ «15 ባር» ወይም «20 ባር» ተብሎ የተጻፈው የፓምፑ የመጨረሻ ዐቅም እንጂ የጣዕም መለኪያ አለመሆኑን እንገንዘብ።

የኤሌክትሪኩ ማሽን መብራት ሲጠፋ ሥራውን ያቆማል፤ ሲበላሽም መለዋወጫና ጠጋኝ ይሻል። ከዚህም ሌላ ወተት የሚያሞቀው የእንፋሎት ቧንቧ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹን አጽዋማት የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ግን የዓመቱን እኩሌታ ያህል ወተት ስለማይጠጣ፣ ለቧንቧው የተከፈለው ገንዘብ ይህን ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

እኛስ ዐቅሙ መጠነኛ ለሆነ ቤት የምንመክረው፣ አልፎንሶ ቢያሌቲ በ1933 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ ያወጣውን ሞካ የተባለውን ማፍያ ነው። ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ባር ያህል ብቻ ስለ ሆነ የሚሰጠው ፍጹም ኤስፕሬሶ አይደለም፤ ሆኖም ወደዚያው የሚቀርብ ጠንካራ ቡና ነው። ፓምፕም ሽቦም የለውም፤ በቶሎ የሚያረጀው የጎማ ቀለበቱ ነው። በምድጃም ሆነ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ከሚተክሉት ከዲከረንስ በሚገኘው ከሰል ይሠራል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በእንጅባራ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሀ 92 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ በሞካ ውስጥ ግን እንፋሎቱ ታምቆ ውሀውን ወደ ላይ ስለሚገፋው የደጋው ከፍታ ሥራውን አያሰናክለውም።

አሠራሩም ቀላል ነው። ውሀው ከማስተንፈሻው ቀዳዳ በታች ይሁን። ቡናው ከዱቄት ሻከር ብሎ ይፈጭ፤ በጣትም አይጠቅጠቅ። እሳቱ ለስለስ ይበል፤ መያዣው ከፍም ይራቅ። መንቦቅቦቅ ሲጀምር ወዲያው ይውረድ፤ ከዘገየ ይመራል። ብርድ ነው ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ስለሚያመጣ ነፍስ ያጠፋል።

ከማሽኑ የተረፈው ገንዘብ ለመልካም የእጅ ወፍጮ ቢውል ይሻላል፤ ዐዲስ ተቈልቶ ወዲያው የተፈጨ ቡና በርካሹም ማፍያ ይጣፍጣልና። ቡናን በየቤታቸው የሚቈሉ እናቶቻችን ይህን ያለ አስተማሪ ያውቁታል። ሞካውም ወደ ሥራ ለሚቸኩል ሰው ማለዳ ይጣድ፤ ጎረቤት ሲጠራ ግን ጀበናው ከቦታው አይነሣ።