ያውቁ ኖሯል? እንጦጦ ከአልፕስ የሸርተቴ ከተማ በከፍታ ይበልጣል
ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የተዘረጋው የእንጦጦ ሰንሰለት ጫፉ 3,200 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በበረዶ ሸርተቴ የታወቀችው የፈረንሳይዋ ቫል ቶራንስ 2,300 ሜትር ላይ ናት። ታዲያ ለወራት የሚቆይ በረዶ ለምን አጣን? ከምድር ወገብ የምንርቀው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ብርዳችን የሌሊት እንጂ የወራት አይደለም። ይህ በእኔ እምነት ጸጋ እንጂ ጉድለት አይደለም፤ እዚያ በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ሆቴሎች ይዘጋሉ፣ የወቅት ሠራተኞችም ይበተናሉ፤ እንጦጦ ግን ዓመቱን ሙሉ ሯጮች ይለማመዱበታል። «ያለ በረዶ ሸርተቴ የለም» የሚል ይኖር ይሆናል። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም ግን ጎማ በተገጠመለት መንሸራተቻ አስፋልት ላይ ጭምር ተለማምዷል። በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ሆነ፤ በ2010ም በቫንኩቨር ዳግም ተወዳደረ።