የጨዋታው ሠሪ ማነው?

በአቃቂ በሰቃም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ልጆች «ጌም ቤት» ሲሉ እንሰማለን። ጌም ቤት ማለት ቴሌቪዥንና የጨዋታ መሣሪያ ያለበት፣ እየተከፈለ የሚጫወቱበት ቤት ነው። ልጁን ፍለጋ የሄደ ወላጅ የሚያየው ቴሌቪዥኑንና የሚጯጯሁትን ልጆች ብቻ ነው። ጨዋታውን ግን ሰው ሠርቶታል። ያ ሰው ማነው? እንዴትስ ሠራው? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

በመጀመሪያ መሣሪያውን እንወቅ። የጨዋታ መሣሪያ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ተጫዋቹ በእጁ የያዘው መቆጣጠሪያ ትእዛዝ ይልካል። ኮምፒዩተሩ ትእዛዙን ተቀብሎ ያሰላል። ውጤቱንም በቴሌቪዥን ላይ በሥዕል ያሳያል። ከቤት ቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የመጀመሪያው መሣሪያ በ1972 በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ስሙ ኦዲሲ ይባላል። የፈለሰፈው በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ አሜሪካ የገባው ራልፍ ቤር ነው።

በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ መሣሪያዎች አብረዋቸው ከተሠሩት ጨዋታዎች በስተቀር ሌላ አያጫውቱም ነበር። ልጆች ቶሎ ይሰለቻሉ። ይህን ችግር ለመፍታት ትልቅ ድርሻ ያለው ጀሪ ሎሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እርሱ የመራው ቡድን በ1976 «ቻናል ኤፍ» የተባለውን መሣሪያ አወጣ። በዚህ መሣሪያ ጨዋታው የሚገኘው በካርትሪጅ ላይ ነው። ካርትሪጅ በቴፕ ውስጥ እንደሚገባ ካሴት ነው፤ አንዱን አውጥቶ ሌላውን መክተት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ሙያውም ቀላል አልነበረም። አታሪ የተባለው ኩባንያ በ1977 ላወጣው መሣሪያ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ካርትሪጆች ቢበዛ 4096 ባይት ይይዙ ነበር። በአንድ ባይት አንድ የላቲን ፊደል ይጻፋል። እንግዲህ ሥዕሉም፣ ድምፁም፣ የጨዋታው ሕግም ሁለት ሦስት ገጽ ጽሑፍ በሚይዝ ቦታ መግባት ነበረበት። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ለወራት ይለፋበት ነበር።

ታዲያ የዚህ ሰው ስም በሣጥኑ ላይ አይጻፍም። ጨዋታው በብዙ ገንዘብ ቢሸጥም እርሱ የሚያገኘው ደመወዙን ነበር። በ1979 አራት የአታሪ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በዚህ ተከፉ። ለኩባንያው ኃላፊም አቤት አሉ። ኃላፊው «መሣሪያውን ከሚገጣጥሙት ሠራተኞች አትበልጡም» የሚል መልስ እንደ ሰጣቸው ከአራቱ አንዱ ዴቪድ ክሬን በኋላ ተናግሯል። ሰዎቹ ሥራቸውን ለቀው በዚያው ዓመት አክቲቪዥን የተባለ ኩባንያ ከሌላ ሸሪክ ጋር አቋቋሙ። በእነርሱ ጨዋታዎች ላይ የሠሪው ስም ይጻፍ ጀመር።

ሌላው የአታሪ ሠራተኛ ዋረን ሮቢኔት ሌላ ዘዴ አገኘ። «አድቬንቸር» በተባለው ጨዋታው ውስጥ ምስጢራዊ ክፍል ሠርቶ፣ ለአለቆቹ ሳይናገር ስሙን እዚያ ጻፈ። ወደ ክፍሉ ለመግባት በዓይን በጭንቅ የምትታይ አንዲት ነጥብ ማግኘት ያስፈልጋል። ጨዋታው በ1980 ከወጣ በኋላ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ምስጢሩን አገኘና ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ። ሮቢኔት ግን ቀደም ብሎ ሥራውን ለቆ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ድብቅ ነገር «የፋሲካ እንቁላል» ይባላል። በምዕራብ አገሮች ልጆች ለፋሲካ የተደበቀ እንቁላል ስለሚፈልጉ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አቃቂ ላይ የተሸመነ ጨርቅ የለበሰ ሰው ብዙ ነው። የሸማኔዋን ስም የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው? የኃላፊው ጥፋት ጸሐፊዎቹን ከገጣጣሚዎቹ ጋር ማስተካከሉ አይደለም። የሁለቱንም ድካም መናቁ ነው። የገጣጣሚው ላብም ላብ ነውና።

ዛሬ በአገራችንም ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ፣ ዶሮ የምትሮጥበት «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል። እንግዲህ ልጃችሁ ጌም ቤት ሲያመሽ ከመቆጣታችሁ ጋር «ይህን ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ፈልጎ ያነበበ ልጅ፣ ሥራውንም ለመማር ሊነሣ ይችላል።

መወያያ

1. ካርትሪጅ ምን ጥቅም አስገኘ?
2. ሮቢኔት ስሙን ለምን ደበቀ?
3. በየቀኑ ከምትጠቀሙባቸው ዕቃዎች የስንቱን ሠሪ ታውቃላችሁ?