የሰዓት ፊት ሲቀየር ዋጋውም አብሮ ይቀየራል
የቆዩ የስዊዝ ሰዓቶችን የሚገዙና የሚሸጡ ድሬዳዋዎች ሊያውቁት የሚገባ ሒሳብ

ባገለገሉ ሰዓቶች ንግድ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በማሽን ብልሽት ሳይሆን በዕድሳት ነው። ባለቤቱ ሰዓቱን ያሳመረ መስሎት ቁጥሮቹና የኩባንያው ስም የተጻፉበትን ስስ ክብ ሳህን፣ ማለትም የሰዓቱን ፊት፣ ያስለውጣል። አሮጌው ፊት ሲጣል የዋጋው ትልቁ ክፍል አብሮ ይጣላል።

ድሬዳዋ ባቡር ከደረሰባት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ የጅቡቲ መስመር የንግድ ከተማ ናት። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡና ሕንዱ ሲነግዱባት የኖሩ በመሆኑ፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ ከአባት የተወረሰ የስዊዝ ሰዓት ከሣጥን ቢወጣ አያስገርምም። የከተማዋ ሙቀት ግን ለሰዓት አይመችም። የውኃ መከላከያው ላስቲክ ሲደርቅ ላብና እርጥበት ይገባል፤ ፊቱም ይጠቁራል ወይም ይቦጫጨቃል። ባለቤቱን ወደ ሰዓት ሠሪ የሚወስደውም ይኸው ነው።

ሥራው ራሱ ረቂቅ ቢሆንም ረጅም አይደለም። የጀርባው ክዳን ይከፈታል፣ መሙያው ይነቀላል፣ ማሽኑ ከቀፎው ይወጣል። ጠቋሚዎቹ ከተነሡ በኋላ ፊቱን የያዙት ብሎኖች ይላላሉ። ከፊቱ ጀርባ የተበየዱት ሁለት ቀጫጭን እግሮች ግን በቀላሉ ይሰበራሉ። እግሩ ተሰብሮ በማጣበቂያ የተያዘ ፊት ከውጭ ባይታወቅም፣ ክዳኑን የሚያስከፍት ገዢ ዋጋ ይቀንስበታል።

በገበያው ውስጥ ያሉት ፊቶች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሰዓቱ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው። ሁለተኛው ኩባንያው ራሱ ለጥገና የሚያቀርበው ምትክ ሲሆን፣ እውነተኛ ቢሆንም ዘመኑ ከሰዓቱ ዘመን ጋር አይገጥምም። ሦስተኛው ሌላ ሰው ቀለም የቀባው ወይም አልማዝ ደርድሮ የሠራው ነው። ዋጋቸው በዚሁ ቅደም ተከተል ይወርዳል።

ፊት ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማወቅ የሮሌክስ ዴይቶናን ማየት ይበቃል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣው ለየት ያለ ፊት ያለው ዴይቶና በጊዜው ገዢ አጥቶ ነበር። ዛሬ ግን ተራ ፊት ካለው መንትያው በብዙ ይበልጣል። የተዋናዩ ፖል ኒውማን የራሱ ሰዓት በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረው ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በ2015 እ.ኤ.አ. በቤተሰቡ ተቃውሞ ከጄኔቫ ጨረታ ወጥቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከ2.8 ሚሊዮን ስዊስ ፍራንክ በላይ ተሽጧል። ገዢዎች የከፈሉት ለወርቁ ሳይሆን ለታሪኩ ነው። ፊትም የሰዓቱ ታሪክ የሚነበብበት ገጽ ነው።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን እንደሚያስወጣ አሳይቷል። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ቢሆንም ለሰዓትም ይሠራል። ፊቱ መቀየሩን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ከሆነ፣ ገዢው ሁሉንም ሰዓት እየጠረጠረ ዋጋ ይሰብራል፤ ያልተነካ ሰዓት ያለው ሰውም ከገበያ ይሸሻል።

ይሁንና ገዢ ያለ መሣሪያ አይደለም። በማጉያ መነጽር ሲታይ የፋብሪካ ጽሑፍ ጠርዙ የጠራ ነው፤ በእጅ የተቀባ ግን ይፈስሳል። በብርሃን አሙቆ በጨለማ ማየትም ይረዳል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ሰዓት ላይ የነበረው ትሪቲየም የተባለው አብሪ ቀለም በየ12 ዓመቱ ገደማ ግማሽ ኃይሉን ስለሚያጣ ዛሬ ሊያበራ አይችልም። እንደ ፋኖስ ካበራ ፊቱ ወይም ቀለሙ ተቀይሯል ማለት ነው። ፊቱ ደብዝዞ ጠቋሚዎቹ ብቻ ካበሩ ደግሞ ጠቋሚዎቹ ሌላ ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት በተሠሩ ብዙ ሰዓቶች ላይ የተቀባው ራዲየም ነው። ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አላለቀም። ቀለሙን መፋቅና ብናኙን መተንፈስ ለሠራተኛው ጤና አደገኛ ነው።

በሕግ በኩልም ነገሩ ቀላል አይደለም። የኩባንያን ስም ያለ ፈቃድ በፊት ላይ አትሞ መሸጥ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ያስጠይቃል። የተቀየረውን «ያልተነካ ነው» ብሎ የሸጠ ሰው ደግሞ፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1704 መሠረት ውሉ በማታለል ምክንያት ሊፈርስበት ይችላል።

ስለዚህ የቆየ ሰዓት የያዘ ሰው ማሽኑን አስጠርጎና ላስቲኩን አስለውጦ ፊቱን እንዳለ ቢተወው ይመረጣል። መቀየር ግድ ከሆነም አሮጌውን ፊት ከሠሪው ተቀብሎ፣ የተሠራውን ከሚዘረዝር ደረሰኝ ጋር በፖስታ አሽጎ ያስቀምጥ። በሽያጭ ቀን ያ ፖስታ ከአዲሱ ፊት የበለጠ ዋጋ ያወጣል። ደላላውም «ፊቱ ያው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከዋጋው በፊት ቢያስቀድም ራሱን ከክርክር ያድናል።