ታይዮ ማሩ፦ ባለሙያዎቹን ይዛ የሰጠመችው መርከብ

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከቦች ሲወራ ሁሌም የሚነሱት መድፍ የደረደሩት ናቸው። እኔን ግን የምትገርመኝ አንዲት አሮጌ የመንገደኞች መርከብ ናት፤ ታይዮ ማሩ ትባላለች። (ሰፈራችሁ ያለው ማሩ ትዝ ካላችሁ ይቅርታ፤ ጃፓኖች በንግድ መርከቦቻቸው ስም መጨረሻ ላይ የሚጨምሩት ቃል ነው።)

የተሠራችው ጀርመን፣ ሃምቡርግ ውስጥ ነው። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስትሸነፍ በካሳ መልክ ጃፓን እጅ ገባች፤ ከዚያም ለዓመታት በዮኮሃማና በሳንፍራንሲስኮ መካከል መንገደኛ አመላለሰች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1941 ሆኖሉሉ ስትደርስ ግን የመርከብ ሠራተኛ መስለው የተሳፈሩ የባሕር ኃይል መኮንኖች ነበሩባት። የመጣችውም በተለመደው መስመር ሳይሆን በሰሜን በኩል ዞራ ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ፐርል ሃርበርን የመታው ጦርም በዚያው በሰሜኑ ባሕር በኩል ነው የሄደው።

ጃፓን ወደ ጦርነቱ የገባችበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ነዳጅ ነው። አብዛኛውን የምትገዛው ከአሜሪካ ነበር፤ አሜሪካ በ1941 ክረምት ስትዘጋባት የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ የነዳጅ ጉድጓዶች በጉልበት ያዘች። ግን ጉድጓድ መያዝና ነዳጅ ማውጣት ለየቅል ናቸው። ወታደር ማጣሪያ አይጠግንም፣ ማዕድን አያጠናም፣ መስኖ አይቀይስም። ስለዚህ ባለሙያ መላክ ነበረበት።

የጦር ሠራዊቱ ታይዮ ማሩን ወስዶ ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ባለሙያዎችን አንድ ላይ ጫነባት። ሜይ 8 ቀን 1942 ከኪዩሹ ደሴት ደቡብ ምዕራብ ግሬናዲር የተባለ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታት። ከ800 በላይ ሰው አለቀ። ዕድሜዋ 30 ያለፈ መርከብ ብትቀር በሌላ ትተካለች፤ 20 ዓመት የሠራ መሐንዲስ ግን ከየት ይመጣል? ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ «የሰው ካፒታል» እያልን በደረቁ የምንሸመድደው ነገር ይኸው ነው፤ በአንድ ምሽት ባሕር ገባ።

ከሟቾቹ አንዱ ዮኢቺ ሃታ ነበር። ታይዋን በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች የዉሻንቶውን ግድብ የሠራው መሐንዲስ ነው። በ1920 ተጀምሮ በ1930 ያለቀው ሥራ 150 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት አጠጥቷል። ቅኝ ገዢዋ የፈለገችው ሩዝና ስኳሩን ነው፤ ውሃው ግን ለታይዋን ገበሬዎች ቀረ። በዚያ ጉዞ ሃታ የተላከው ወደ ፊሊፒንስ ነበር፣ ለጥጥ የሚሆን መስኖ እንዲያጠና። 56 ዓመቱ ነበር።

ባለቤቱ ቶዮኪ ታይዋን ቀረች። ጃፓን ከተሸነፈች ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1945፣ ባሏ በሠራው ግድብ መውጫ ውሃ ውስጥ ራሷን ጣለች።

የሃታ ሐውልት የሥራ ልብሱን ለብሶ ማጠራቀሚያውን ቁልቁል እያየ እዚያው ተቀምጧል። በ2017 አንገቱን ቆርጠውት ነበር፤ ግን ለሜይ 8 መታሰቢያ ሳይደርስ ተጠግኖ ተመለሰ።