የዶሮው ቁጥር ከአጥሩ ማዶ ይወሰናል

አዲስ አበባ ውስጥ በለቡ፣ በመካኒሳ ወይም በሳሪስ ጓሮው ውስጥ ዶሮ ለማርባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይፈቀድልኛል?» ብሎ ነው። ወደ ወረዳው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ከተጀመረ ወዲህም ሥራው ይበረታታል። ዋናው ገደብ ግን ጎረቤት ይመስለኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት በመጥፎ ሽታ፣ በጭስ ወይም በጩኸት ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ሌላውን እንዳያውክ ያዛል። ልኩ የሚመዘነውም በአካባቢው ልማድና በቦታው ሁኔታ ነው። ሰፊ ግቢ ውስጥ ማንም ልብ የማይላቸው 20 ዶሮዎች ቤት ለቤት በተጣበቀበት ሰፈር ጠብ ያስነሳሉ። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪማ አስቀድሞ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ያንብብ፤ በረንዳ የዶሮ ቦታ አይደለም።

የጩኸቱ ነገር ቀላል ነው። አውራ ዶሮ አለመያዝ ነው። ሴቷ ያለ አውራ ትጥላለች፤ አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚያስፈለፍል ብቻ ነው። ጥላ ስታስካካ ቢሰማም ቀን ነውና ማንንም ከእንቅልፉ አይቀሰቅስም።

ሽታው ግን ሥራ ይጠይቃል። አንድ ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ ኩስ ትጥላለች። የሚሸተው ኩሱ ሲረጥብ ነው፤ ያኔ አሞኒያ ይወጣል፣ ዝንብም ይራባል። ስለዚህ ቤቱ በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ወይም ከ6 ዶሮ በላይ አይያዝበት፤ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ይነጠፍ፤ ጣሪያው የክረምቱን ወጨፎ እንዲከላከል ወጣ ይበል። ጉዝጓዙን በእጅ ጨብጦ መልቀቅ ነው ፈተናው፦ ከተበተነ ደህና ነው፣ እንደ ሊጥ ከተያያዘ ረጥቧልና ይቀየር። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የሚያፈሰው የውኃ መጠጫ ነው።

ከሁሉም በላይ የምለምነው ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው የሚተኛበት ክፍል እንዳይገቡ ነው። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በገጠር ኢትዮጵያ ላይ የወጣ ጥናት ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በእድገታቸው የተሻሉ መሆናቸውን፣ ዶሮ ቤት ውስጥ በሚያድርበት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑን አሳይቷል። ለልጅ ተብሎ የተገዛ ዶሮ ልጁን ሊጎዳ አይገባም።

በስድስት ዶሮ መጀመር ይበቃል። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ እንደ ቦቫንስ ብራውን ያለችው የተሻሻለች ዝርያ በደንብ ከተያዘች ወደ 300 ትደርሳለች። በቀን 110 ግራም ገደማ መኖ ስለምትበላ 50 ኪሎው ከረጢት ለስድስቱ 75 ቀን ያህል ይዘልቃል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እንቁላል ፈላጊው ይቀንሳል፤ መኖው ግን አይቀንስም። ስለዚህ የ45 ቀን ጫጩት ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ቢገዛ፣ ቄቦቹ መጣል የሚጀምሩት በአምስት ወራቸው ግድም ስለሆነ፣ የመጀመሪያው እንቁላል ወደ ፋሲካው ይጠጋል። የኅዳር ሌሊት ቀዝቃዛ ነውና ነፋስ የሚያስገባው ክፍተት ይደፈን።

ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ ከገባ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ከንቱ ነው፤ በቀናት ውስጥ ቤቱን ባዶ ያስቀራል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት አለው፣ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻም ያመርተዋል። ችግሩ ብልቃጡ ለስድስት ዶሮ ተብሎ አለመታሸጉ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። በውኃ የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ የቧንቧው ክሎሪን ክትባቱን ይገድላልና ውኃው ክዳን ሳይደረግበት ማደር አለበት፤ ዶሮዎቹም አስቀድመው ለሁለት ሰዓት ያህል ውኃ ይከልከሉ። ስለዚህ ያንኑ ብልቃጥ ከአጥሩ ማዶ ላሉት የጎረቤት ዶሮዎችም ማካፈል ነው። የጎረቤት ዶሮዎች ካልተከተቡ በሽታው ተመልሶ የሚመጣው በዚያው አጥር ሥር ነው።