አሸዋማ አፈር ላይ የሚዘራ ለውዝና የካልሲየም ፍላጎቱ

ለውዝ (ኦቾሎኒ) አበባውን ከመሬት በላይ፣ ፍሬውን ግን ከአፈር ውስጥ የሚያወጣ ሰብል ነው። አበባው ከተራከበ በኋላ መርፌ መሰል ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ያድግና ጫፉ አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ ፍሬው የሚዳብረውም እዚያው፣ ከመሬቱ ገጽ ብዙ ሳይርቅ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በተለይም በባቢሌ አካባቢ እንዳለው ያለ አሸዋማ አፈር ለለውዝ የሚመረጠው ዘንጉ በቀላሉ ስለሚሰርግበትና በመሰብሰቢያ ጊዜ ፍሬው ብዙም ሳይቀር ስለሚነቀል ነው። ይሁን እንጂ ይኸው አፈር ንጥረ ነገር የሚይዝለት ሸክላና ብስባሽ ስለሚያንሰው፣ ዝናብ በበረታ ቁጥር ፖታሲየሙ፣ ድኙና ካልሲየሙ ከሥር በታች እየታጠበ ይሄዳል።

ብዙ ገበሬ ማዳበሪያ ሲባል ቀድሞ የሚያስበው ዩሪያን ነው። ለለውዝ ግን ዋናው ጉዳይ ናይትሮጅን አይደለም፤ ራይዞቢየም የተባሉት ባክቴሪያዎች በሥሩ ላይ በሚፈጠሩ ትናንሽ እባጮች ውስጥ ሆነው ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ተክሉን ይመግቡታልና። እባጩ ተከፍሎ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ዩሪያ መጨመር ባክቴሪያዎቹን ያዳክማል፣ ቅጠልም ያበዛል፤ ፎስፈረስ ግን ለሥሩም ለእባጮቹም ስለሚያስፈልግ በዘር ወቅት ሊሰጥ ይገባል።

ምርቱን በብርቱ የሚወስነው ካልሲየም ነው። ካልሲየም ከሥር ተነሥቶ ከውኃ ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል እንጂ ከቅጠል ተመልሶ ወደ ፍሬ አይወርድም፤ ስለዚህ ከመሬት በታች ያለው ፍሬ ይህን ንጥረ ነገር በራሱ ቅርፊት አማካይነት በዙሪያው ካለው አፈር መምጠጥ ግድ ይሆንበታል። ላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር በካልሲየም ከደኸየ፣ ቅጠሉ ለምልሞ እየታየ ቅርፊቱ ባዶ ይቀራል፤ ፍሬ ቢይዝም በውስጡ ያለው የቡቃያ ጫፍ ይጠቁራል፣ ለዘር ሲውልም በቅጡ አይበቅልም። ትልልቅ ፍሬ ያላቸው ዝርያዎች ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

መፍትሔው ካልሲየምና ድኝ የያዘው ጂፕሰም ሲሆን፣ ለውዙ ማበብ በጀመረበት ጊዜ ፍሬ በሚይዘው የአፈር ክፍል ላይ ይነሰነሳል። ኖራም ካልሲየም ይሰጣል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚሟሟ በመሆኑ ከመዘራቱ በፊት ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት፣ የሚበጀውም አሲዳማ ለሆነ አፈር ነው። ጂፕሰም አሲዳማነትን አያስወግድም። ፍሬው በሚያድግበት ቦታ የበዛ ፖታሲየም ካልሲየምን ስለሚሻማ፣ ፖታሲየም የሚያስፈልገው ማሳ ቀደም ብሎ ሊሰጠው ይገባል። አፈሩ ከደረቀ ደግሞ ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ውኃ ስለሌለ፣ የብስባሽ ፍግ እርጥበት መያዙ ለዚህም ይረዳል።

ስለዚህ ገበሬውም ባለሙያውም የማዳበሪያ ከረጢት ከመግዛታቸው በፊት ፍሬው ከሚቀመጥበት ከላይኛው አፈር ናሙና ወስደው የካልሲየሙን መጠን ያስመርምሩ።